«አረጋግጫለሁ» ብላ የተጫነችው

«ቢላውን አስቀምጡት» አሉ ዶክተር ገሠሠ።

በቀዶ ጥገና ክፍሉ ያሉት ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ...

ከማንኪራ ገጠር የመጡት እትዬ በዛወርቅ በማደንዘዣ ተኝተዋል። የሐሞት ጠጠራቸው ሆዳቸው ሳይከፈት፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ሊወጣ ነው። ቀዳዳዎቹ የት እንደሚሆኑ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ አሳይቷል... በቀኝ በኩል።

ዶክተሩ ግን እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን በታካሚዋ ደረት ላይ አሳርፈው ቆዩ። በዚህ ልማዳቸው ወጣቶቹ ሐኪሞች ከኋላቸው «ወጌሻው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

የሴትዮዋ ልብ የሚመታው በቀኝ ነው...

ልባቸው ብቻ አይደለም። የውስጥ አካላቸው ሁሉ ከተፈጥሮው ግራና ቀኙ የተገላበጠ ነበር። ሐሞታቸው ያለው በግራ ነው።

ዕቅዱ እንደገና ተሠራ። እትዬ በዛወርቅ በሦስተኛው ቀን በእግራቸው ወጡ።

ሁሉም «ኮምፒውተር ምን ያውቃል» አለ።

የሴትዮዋን የሆድ ምስል ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባችው ባለሙያ ፀዳለ ግን ዝም አለች... አምስት ዓመት ሙሉ።

ኮምፒውተሩ ጠይቋት ነበርና።

«ጉበቱ በግራ ይታያል። ምስሉ ተገልብጦ ይሆን? ታካሚዋን አይተው ያረጋግጡ» ብሎ።

በዚያ ወር ከጅማ በሲዲ የመጡ ሁለት ምስሎች ተገልብጠው ስለነበር፣ ይኼም ሦስተኛው መሰላት።

ታካሚዋ የተኙት ከቢሮዋ አሥር እርምጃ ላይ ነው። ግን አማርኛ አይሰሙም። ፀዳለ ደግሞ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ናት፤ በቀደም በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ሰላም ልበል ብላ ዋርዱ በሙሉ ስቆባታል...

አፈረች። ሳትሄድ ቀረች።

«አረጋግጫለሁ» የሚለውን ተጫነች። ኮምፒውተሩም ምስሉን ገልብጦ ዕቅዱን በቀኝ ሠራ።

ዘንድሮ ዶክተሩ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ የቀዶ ጥገና ዕቅድ ክፍሉን እንድትመራ የእሷን ስም ጻፉ።

ይሄኔ አልቻለችም። እንጀራዋን እንደምታጣ እያሰበች ቢሯቸው ገባች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ማን እንደተጫነው እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ይመዘገባል። በማግስቱ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ... ለምን ዝም አሉ?»

«ከዚያ ወዲህ ታካሚውን በእጅሽ ሳትዳስሺ የላክሽልኝ ዕቅድ የለም። ካፊኖኖም ተምረሻል። የቀረሽ ይህቺ ብቻ ነበረች።»

ከኪሳቸው የሹመቱን ደብዳቤ አወጡ። አልፈረሙበትም...

«ዛሬ ባትመጪ ኖሮ፣ ነገ እቀድደው ነበር» ብለው ፈረሙበት።

ወገኖቼ... ኮምፒውተሩ መጠየቅ ያውቃል። ተነስቶ ሄዶ መዳሰስ ግን የሰው ፋንታ ነው። ሳያዩ «አይቻለሁ» ማለት፣ በሰው ነፍስ ላይ በአንድ ጣት መጫወት ነው።

ስሟ ፀዳለ አይደለም። ትክክለኛ ስሟን ለመጻፍ ዛሬም ታፍራለች...

እናንተስ፣ አፍራችሁ ያልሄዳችሁባት አሥር እርምጃ የትኛዋ ናት?