የአህያዋ ጅራት

የእትዬ ሸዋርካብሽ የወርቅ መስቀል ጠፋ። ፊታቸውን ሲታጠቡ ሱቃቸው ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅለውት ነበር። በዚያ ጠዋት ወደ ውስጥ የዘለቁት ሦስቱ የጭድ መጋዘን ሠራተኞቻቸው ብቻ ናቸው፤ ይመር፣ ጥጋቡና ጠሀ።

ጠሀ ጭድ ተራ ያደገ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በእጁ የሚያድር ሰው ነው። ጭድ ውሃ ከነካው ስለሚሻግት እትዬ መጋዘኑ ውስጥ ጠብታ እንዲፈስ አይፈቅዱም። ለእሱ ግን ከክምሩ ጀርባ ቦታ ሰጥተውታል፤ ሳፋ ላይ ይታጠባል፣ ይሰግዳል፣ እጣቢውን ውጭ ይደፋል። ሊያገባም ነበር፤ ሽማግሌ ሰብስበው የላኩለት እሳቸው ናቸው። ሌባ የተባለ ሰው ደግሞ መርካቶ ውስጥ ሥራም ሚስትም አያገኝም።

ፖሊስ ይጠራ ሲባል የወንድማቸው ልጅ ሀብተ ወልድ ከለከለ። ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ተኩላ፣ ፍየልና ጎመን በአንዲት ጀልባ አሻግሩ ቢባል ከክፍሉ ቀድሞ ያሻገረ እሱ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ጭድ የምታመላልሰውን አህያ ጨለማው መጋዘን ውስጥ አሰራት።

«አንድ በአንድ እየገባችሁ ጅራቷን ያዙ። ሌባው ሲነካት ትጮኻለች።»

ይመር አህያዋም ዩኒቨርሲቲ ገብታለች ወይ ብሎ ሳቀ። ጠሀ አልሳቀም።

መጀመሪያ የገባው ጠሀ ነው። ቀጥሎ ይመር፣ በመጨረሻ ጥጋቡ፤ ጥጋቡ አህያዋን የሚለምናት ይመስል ብዙ ቆየ። የአንዋር መስጊድ አዛን ተሰማ፣ አበቃ። አህያዋ አልጮኸችም።

ሀብተ ወልድ አንድ በአንድ ወደ በሩ ብርሃን እየጠራ መዳፋቸውን አየ። ጠሀ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ዘግይቶ መጣ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እጁን ዘረጋ። ሀብተ ወልድ በአክስቱ ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለ።

እትዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ለጠሀ በእጃቸው ደጁን አመለከቱት።

«አህያዋ ሳትጮህ በምን ፈረዱብኝ፣ እትዬ?»

«ሂድ ልጄ። ከዚህ በላይ አታዋርደኝ።»

ቁልፉን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በምን እንደ ተፈረደበት የነገረው የለም። በጃንሆይ ዘመን ከዳኛ ይግባኝ ነበረ፤ ከተማረ ሰው ግን አልነበረም።

ጠሀ ከሄደ በኋላ ሀብተ ወልድ ምስጢሩን ገለጠ። ጅራቱን የከሰል ብናኝ ቀብቶት ኖሯል። ንጹሕ ሰው ሳይፈራ ይይዛል፣ እጁ ይጠቁራል። ሌባ ጩኸቱን ፈርቶ አይነካም። የይመርና የጥጋቡ መዳፍ ጠቁሯል፤ የጠሀ ግን ምንም የለበትም።

ጎረቤቱ ተደነቀ፤ ትምህርት ማለት ይህ ነው ተባለ። እትዬ ብቻ ቀና አላሉም። ለጠሀ እጮኛ አባት በምን ዓይናቸው እንደሚነግሩት ያስቡ ነበር።

ሀብተ ወልድ ከሰል የነካ እጁን ሊታጠብ ከክምሩ ጀርባ ዞረ። ሳፋው ውስጥ ገና ያልተደፋ ውሃ ነበር፤ ከል የመሰለ ጥቁር።

የሚያየው ሰው አለመኖሩን አረጋገጠና ጭዱ ላይ ደፋው።