የጥፋተኝነት ተራ

በያጁ አባ ብልጭታ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። «ባለፈው ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ጥሎኛል» ይላሉ። «እንዲያውም አንኮራፍቻለሁ። ፓርቲዬን በድያለሁ።»

ከኋላ ሁለት ሰዎች ሳቃቸውን ለማፈን ይታገላሉ። እኔም ከንፈሬን እነክሳለሁ። ይቺ እንቅልፍ የፓርቲ ሕዋሳችን የጋራ ንብረት ናት፤ ካቻምና የመጋዘን ሠራተኛዋ ተናዝዛታለች፣ ዓምና ደግሞ ሾፌሩ።

ገዢው ፓርቲያችን ከየጉባኤው በፊት እያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ጥፋተኛ አባል እንዲያርም ያዛል። ጥፋተኛ የለንም ማለት አይቻልም፤ ጥፋተኛ የሌለው ሕዋስ ራሱ ጥፋተኛ ነው። እኛ የውሃ ፓምፕ ጣቢያ ሠራተኞች ደግሞ መላ አበጀን፤ ጥፋቱን በተራ እንካፈላለን። ባለተራው ይናዘዛል፣ እንገሥጸዋለን፣ አጨብጭበን ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ሰብሳቢው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ አንድ ቀልድ ጣል ያደርግ ነበር። ዛሬ አንገቱን ደፍቷል። ከጎኑ ከላይ የተላከው ሰውዬ ተቀምጦ መነጽሩን በክራቫቱ ጫፍ ይወለውላል።

«ጨረሱ ጓድ?» ይላል ሰውዬው።

«ጨርሻለሁ ጌታዬ።»

«መልካም። እንግዲህ በዘንድሮው መመሪያ መሠረት ጥፋቱን ያመነ አባል ከፓርቲውም ከሥራውም ይሰናበታል። ሰብሳቢያችሁ ነግረዋችሁ የለ?»

ከግድግዳው ወዲያ የፓምፑ ጉምጉምታ ይሰማል። አባ ብልጭታ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ ይላሉ፤ ከዚያ ወደ ወንድሜ ይዞራሉ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የሚሉት? ተራዎ ነው አልከኝ እኮ።»

«ይቀመጡ» ይላል ወንድሜ ቀና ሳይል።

ተራዎ ነው! ከሾፌሩ ቀጥሎ ባለተራዋ እኔ ነኝ። እሑድ ወንድሜ ቤቴ መጥቶ፣ ትንሿን ልጄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «ተራሽን ለከርሞ አሳልፌዋለሁ፣ አንቺ በልጆችሽ ተወጥረሻል» አለኝ። ደግነት መስሎኝ መረቅኩት። እያወቀ ነው ለካ! ጡረታቸው ሊደርስ አንድ ክረምት የቀራቸውን ሽማግሌ፣ ወንድሜን ብየዳ ያስተማሩትን፣ እሱንም እኔንም ዋስ ሆነው ፓርቲው ውስጥ ያስገቡንን ሰው፣ በእኔ ቦታ አሳልፎ ሰጣቸው።

«ጋሼ!» እላለሁ።

«እዚህ ጋሼ የለም። ጓድ በይ።»

«እሺ ጓድ፤ ቀና በልና ዓይኔን እየኝ!»

ቀና ይላል። ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ልጆችሽን ብቻሽን ነው የምታሳድጊው» ይለኛል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለማን ብዬ ነው? ዝም በይ።»

«በልጆቼ ስም ሰው አትብላ!»

ሰውዬው መነጽሩን ያደርጋል። «ሥርዓት! በጓድ ስንብት የምትስማሙ፣ እጅ!»

መጀመሪያ የወንድሜ እጅ ይወጣል። ከዚያ የሾፌሩ፤ የመጋዘን ሠራተኛዋም እንባዋን በአንድ እጇ እየጠረገች በሌላው ትደግፋለች። ተናዛዥ በራሱ ላይ ድምፅ መስጠቱ ልማዳችን ነውና አባ ብልጭታም የቃጠሎ ጠባሳ የሞላበትን እጃቸውን ያወጣሉ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው። ገብቷቸዋል። ተይው ልጄ በሚል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የትንሿ ልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ትዝ ይለኛል። የቤት ኪራዩም። ቢሆንም ተነስቼ ቆሜያለሁ።

«እሳቸው አላንቀላፉም» እላለሁ። «ያንቀላፋሁት እኔ ነኝ። ያንኮራፋሁትም እኔ ነኝ። ተራው የእኔ ነው።»

«ተቀመጪ!» ይጮኻል ወንድሜ። ድምፁ ይሰነጠቃል።

ሰውዬው ሰዓቱን ያያል። አባ ብልጭታን ያያል፣ እኔን ያያል። ከገበያ ሽንኩርት እንደሚመርጥ ሰው ለአፍታ ያመነታና ትከሻውን ይሰብቃል።

«ለእኛ ከአንድ ሕዋስ አንድ ሰው ይበቃናል። እሷ ካመነች እሷ ትሁን። በእሷ ስንብት የምትስማሙ?»

እጆች አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ሾፌሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። አባ ብልጭታ ቆባቸውን ጨብጠው ወንበራቸው ላይ ዘፍ ይላሉ።

ወንድሜ አፉን ከፍቶ እኔን ያየኛል። በአባ ብልጭታ ላይ ያወጣት እጁ አልወረደችም፤ አሁን በእኔ ላይ ተንጠልጥላለች።