የበረኛው የመጨረሻ ቃል

የሞተ ሰው ድምፁና ጠባዩ ለቪዲዮ ጨዋታ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ የትርንጎ ባል ውብሸት «የዘንዶው ግንብ» በሚባለው ጨዋታ ውስጥ በረኛ ሆኗል። ድምፁን ጨርሶ ከማጣ ብላ የሰጠችው ራሷ ናት። ዘንዶው ጋ ለመድረስ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ውብሸትን መግደል አለበት። ውብሸትም ተወግቶ ሲወድቅ፣ በሕይወት ሳለ ማታ ማታ ይላት የነበረውን ይላል፦ «ትርንጎዬ፣ በሩን ዝጊው፤ ብርድ ገባ።»

አድናቂዎቹ በዚህ ቃል አበዱ። ካናቴራ ላይ አተሙት። የሰፈሩ ጎረምሶች እሷን ሲያዩ «ትርንጎዬ፣ በሩን ዝጊው!» እያሉ፣ ደረታቸውን ይዘው አስፋልቱ ላይ ይዘረራሉ።

ዛሬ ልጇ ብሌን በሩን በርግዳ ገባች።

«እማዬ፣ ጉዳቸውን ስሚ! ተጫዋቾቹ በረኛው ቶሎ ሞተብን ብለው አማረሩ። እየተሠቃየ ቀስ ብሎ ይሙትልን ነው የሚሉት። ድምፅ እየተሰጠ ነው፤ እንኪ ስልኬን፣ አንቺም ተቃወሚ!»

«ቀስ ብሎ ከሞተ ሌላም ነገር ይናገራል?»

«ብዙ ያወራል አሉ። ምነው?»

ትርንጎ ተነስታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ስልኩን ከልጇ እጅ ተቀብላ «ይሠቃይ» የሚለውን ተጫነች።