የፍሪጁ ምስክርነት

ለከፍተኛ የምርት ሥራ አስኪያጅነት የሚያመለክት ሰው የሚፈልገውን ደመወዝ ራሱ መናገር ከተከለከለ ወዲህ፣ ቀጣሪዎች የሚጠይቁት የቤቱን ፍሪጅ ነው። ሥራ ካጣች ወራት ያለፏት ፍሬዘውድ ከጎረቤቷ ሥጋ ተውሳ ፍሪጇ ውስጥ አስገባች። ልጇ እጁን ሲዘረጋ፣ «እንዳትነካ! ለቃለ መጠይቅ ነው» አለችው።

ቀጣሪው በስክሪን ቀርቦ ፍሪጁን ጠየቀ።

«ሥጋ ገብቷል፤ የበላው ግን የለም» አለ ፍሪጁ።

ቀጣሪው ፈገግ አለ። «እንግዲያው ግማሽ ደመወዝ ይበቃዎታል፣ እመቤቴ።»

«አሥር ዓመት የሠራሁትስ?»

«እሱን ፍሪጁ አያውቅም።»

«የእርስዎ ፍሪጅስ ምን ይላል?»

«የቀጣሪ ፍሪጅ አይጠየቅም።»

ፍሬዘውድ የተዋሰችውን ሥጋ በምን እንደምትመልስ ሳታውቅ አውጥታ መጥበሻው ላይ ጣለችው።

«ልጄ፣ ና ብላ» አለች። ወደ ስክሪኑም ዞራ፣ «ጌታዬ፣ ፍሪጁን ይቅጠሩት፤ እሱ ደመወዝም አይጠይቅዎትም።»