ሦስት የጥገና ካርዶች

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። የቆዳዋን መጎድጎድ፣ ሴሉላይቷን፣ ለማስጠፋት ውበት ቤት የተኛች ደንበኛ፣ ጭኗን ማሽኑ አቃጥሏት ሆስፒታል ገባች። ሐሙስ ዕለት የፖሊስ መርማሪው የማሽኑን መሐንዲስ አስጠራው።

መሐንዲሱ ከዚያ ውበት ቤት ሥራ ከወጣ ሦስት ወር አልፎታል። ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቆ የደረሰው የዳሌ ስብ የሚያሞቅ ማሽን ጥገና ላይ ነበር፤ ሠራተኞቹ «ዶክተር ብሎን» ይሉታል። ቆዳ ላይ የሚሄደው የማሽኑ ጫፍ ሲያረጅ ሙቀቱን መለካት ያቆማል፤ መቀየር አለበት፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ለአሠሪዋ፣ ለውበት ቤቱ ባለቤት፣ ሦስት ደብዳቤ ጻፈላት። አንዱንም አልመለሰችም። «ካልተቀየረ የወሩን የጥገና ካርድ አልፈርምም» ብሎ ወጣ፤ ያለ መሐንዲስ ፊርማ ደግሞ ማሽኑ መሥራት አይፈቀድለትም።

መውጣቱ የጎዳው ሚስቱን ነበር። የሠራተኛ ቤተሰብ ስለሆነች በዚያው ማሽን በነፃ ትታከም ነበር። ሕክምናው ደግሞ አንዴ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ በየወሩ ካልደገሙት ቆዳው ተመልሶ ይጎደጉዳል። የአንድ ቀኑ ክፍያ የቤት ኪራያቸውን ይበልጣል። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀረብኝ ብላ አላማረረችም። በዚህ ይኮራባት ነበር።

መርማሪው ያለፉትን ሦስት ወራት ሦስት የጥገና ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሁሉም «ጫፉ ተፈትሿል፤ ደህና ነው» ይላሉ። ከሥር የመሐንዲሱ ስምና ፊርማ አለ።

«የእርስዎ አይደለም?»

«የእኔን ይመስላል። ግን አልፈረምኩም። ከወጣሁ ወዲህ ደጃፋቸውንም አልረገጥኩም።»

«የተቃጠለችው ሴትዮ ብትሞት ምን እንደሚጠብቅዎት ያውቃሉ?»



ቤት ሲደርስ ነገራት። የሚስቱ ፊት አመድ መሰለ።

«ያቺ አሠሪዬ ናት የፈረመችው፤ ነገ አፋጥጣታለሁ» አለ።

«ተው እባክህ። ገንዘብ አላት፤ ትበላሃለች።»

«እስካሁንስ መች ተፋችኝ?»

«ጠበቃ እንያዝ። የፊርማውን ነገር ብቻ አታንሳው፤ አደራህን።»

«እሱን ሳላነሳ ምን ላንሳ? ስለ አየሩ ላውራ?»

አልሳቀችም። በዚያን ቀን በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለቱም ይደነግጡ ነበር፤ ቀድማ ብድግ የምትለው ግን እሷ ነበረች።

ዓርብ ጠዋት መርማሪው አሠሪዋን ከመሐንዲሱ ፊት ለፊት አስቀመጣት። ሚስቱ ብቻህን አትሄድም ብላ ተከትላው መጥታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ጣቶቿን በጣቶቹ ውስጥ ቆልፋለች።

«ስሜን ሰርቀሽ ሰው አቃጠልሽበት» አላት አሠሪዋን።

«ዶክተር ብሎን፣ እኔ የአንተን ፊርማ መጫር የት ተምሬ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ካርዱ ተፈርሞ ነው የሚመጣልኝ። መጥተህ መፈተሽ አለመፈተሽህን አልጠየቅኩም። ጥፋቴ እሱ ነው።»

«የሚያመጣው ማን ነው?» አለ መርማሪው።

አሠሪዋ ዓይኗን ከመሐንዲሱ ላይ አንስታ አጠገቡ ወዳለው ወንበር መለሰች። «በየወሩ ለመታከም ስትመጣ ይዛው ትመጣለች። የሕክምናዋን ዋጋ የምትከፍለኝ በእሱ ነበር።»

መሐንዲሱ እጁን ቀስ ብሎ ከሚስቱ እጅ አወጣ። «ያቃጥላል ብዬሽ ሦስት ጊዜ ተኛሽበት። ቃሌን ካላመንሽው ፊርማዬን ለምን ፈለግሽው? መልሺልኝ።»