በአክስቷ ጭን ላይ

«እጆቿን ያዣት» ትላለች የጥርስ ሐኪሟ። «እግሮቿን ነርሷ ትይዛለች።»

አክስቷ ሚጢን ጭኗ ላይ አስተኝታታለች። ልጅቷ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊደፍነው ምንም አልቀረው። ስትቃትት ነው ያደረችው፤ ጠዋት ውሃም አልዋጥ አላት።

ሐኪሟ የላይኛውን ከንፈሯን በጣቷ ገለጥ ታደርጋለች። የፊት ጥርሶቿ ጥርስ አይመስሉም፤ ጠቁረውና ተሸራርፈው ድዷ ላይ የቀሩ ጉቶዎች ናቸው። ከአንዱ ሥር መግል ይወጣል።

«ጡጦ ይዛ ነው የምትተኛው?»

«አዎ።»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ወተት።» አክስት ወደ ሚጢ ታቀረቅራለች። «በስኳር።»

ሐኪሟ መግሉን በጥጥ ትጠርጋለች። አክስት ትለፈልፋለች። «የወተት ጥርስ ነው ብዬ እኮ ነው፣ ዶክተር። ይወድቅ የለ? ሌላ ይበቅል የለ?»

«ይበቅላል። እስከዚያ በምን ትብላ? መግሉ ደግሞ ጥርስ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ደሟ ውስጥ ይገባል። አራቱም መነቀል አለባቸው።» ቀና ትላለች። «እናቷ አንቺ ነሽ?»

«የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ አርፋለች። ከቀብሩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላት። እያለቀሰች ነበር የምታነጋው። ያልሞከርኩት የለም። ዝም ያሰኛት እሱ ብቻ ነው። ሲጣፍጣት ትተኛለች፤ እኔም ጎኔን አሳርፋለሁ።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እህቴ» ትላለች ነርሷ በቀስታ። «አሁን ጠበቅ አድርገሽ ያዣት።»

ሐኪሟ መርፌውን ከልጅቷ ዓይን ሸሽጋ ታነሳለች። «ድዷ ስለመገለ ማደንዘዣው በደንብ ላይይዝላት ይችላል። እንቅልፍ በሚያስወስድ መድኃኒት አስተኝተው የሚነቅሉበት ሆስፒታል ደግሞ ወረፋው የወራት ነው። እብጠቱ አይጠብቀንም።»

አይይዝላትም።

የመጀመሪያው ጥርስ ሲወጣ ሚጢ ትጮኻለች። ሁለተኛው ላይ ድምጿ ይዘጋል። ደም የነካ አገጯን ወደ አክስቷ ቀና አድርጋ «እታለም፣ በቃኝ በያት» ትላለች። «በቃኝ በያት፣ እታለም።»

«አለቀ፣ የኔ ቆንጆ። አለቀ።»

አላለቀም። አክስት ትንንሾቹን እጆች ወደ ደረቷ ታጣብቃለች፤ በጣቶቿ መሃል ሲወራጩ ይሰማታል። ሦስተኛው ተሰብሮ ሥሩ ይቀራል፣ ሐኪሟ ቆፍራ ታወጣዋለች። ልጅቷ መለመን ታቆማለች። አክስቷን ማየትም ታቆማለች።

አራተኛው የብረት ሳህኑ ላይ ኳ ብሎ ይወድቃል። ሐኪሟ ባዶው ድድ ላይ ጥጥ ትጭናለች።

ሚጢ አንገቷን ጠምዝዛ፣ ክፍት በቀረላት አንድ ዓይኗ፣ የተዘጋውን በር ታያለች።

«እማዬ» ትላለች፣ ጥጡን እንደነከሰች። «እማዬ፣ ነይ።»

ነርሷ አቀርቅራ እግሮቿን ትለቃለች። አክስት እጆቿን አትለቅም። እሷም ዞራ በሩን ታያለች።