የስድስቱ መኪኖች ሽያጭ

ደላላው ክንዱ በመጣ ቁጥር እንኳየሁ ወንበሯን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች። ሰውየው ሳይጋበዝ ይቀመጣል፤ ሲያወራ ምራቁ ጠረጴዛው ላይ ይረጫል። ሲሄድ የነካውን ሁሉ በሶፍት ትጠርጋለች።

መሀል ከተማ ያለው የመኪና ኪራይ ድርጅት የአያ ተክለ ጊዮርጊስ ነው። የትኛው መኪና እንደሚገዛና እንደሚሸጥ የምታጠናው ግን እንኳየሁ ናት። ለኪራይ የሚሆን መኪና ሲመረጥ መታየት ያለበት የሚገዛበት ዋጋ ሳይሆን በኋላ የሚሸጥበት ነው ትላለች። ሽማግሌው ግን ከሁለት ዓመት በፊት የነዳጅ ሰልፍ ቢያንገፈግፋቸው አልሰሟትም። ማክሰኝት የነበራቸውን ቤት ሸጠው ስድስት የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ።

ብዙም ሳይቆይ ዋጋው ያሽቆለቁል ጀመር። አዲስ ሞዴል በርካሽ በገባ ቁጥር የአሮጌው ፈላጊ ይጠፋል። ባትሪው ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚያውቅ ስለሌለ ገዢው ሁሉ ይፈራል። ክንዱ ይህን ፍርሃት አሽትቶ የመጣ ጅብ ነበር። በየሳምንቱ ካለፈው ያነሰ ዋጋ ይጠራል።

አንድ ቀን በሽማግሌው ፊት የአንዱን መኪና ጎማ በእግሩ ገፋ አደረገ።

«እነዚህ እኮ ሬሳ ናቸው» አለ። «ቀባሪ በማግኘትዎ ያመስግኑ።»

አያ ተክለ ጊዮርጊስ ወደ እንኳየሁ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? እውነት ማኪናዎቹ ሞተዋል?»

 እንኳየሁ ራሷ ደባርቅ ድረስ ነድታ መሞከሯን፣ ባትሪው ለመልስ እንዳልበቃት፣ ከተማ ልትገባ ስትል ወለቃ ላይ ቆሞባት ተጎትታ መግባቷን ነገረቻቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

በማግስቱ ሾፌሩ መልካሙ ፊቱ በርቶ መጣ። በአንደኛው መኪና ጎብኚ ይዞ ደባርቅ ደርሶ ሲመለስ ሩብ ያህል ባትሪ ተርፎታል። ለአያ ሊነግር ሲጣደፍ እንኳየሁ በሩ ላይ ያዘችው።

«ተው መልካሙ። በአንድ ቀን ዕድል ተስፋ ሰጥተህ ነገ ልባቸውን ደግመህ ትሰብረዋለህ።»

መልካሙ ደግነቷን አደነቀ፤ ለአያ ሳይነግር ተመለሰ።

ሽያጩ ለቅዳሜ ተቆረጠ። ክንዱ የጠራው የተገዙበትን ሩብ እንኳ አይሞላም። አያ ተክለ ጊዮርጊስ ሲፈርሙ ወረቀቱን የያዘችላቸው እንኳየሁ ነበረች። ክንዱ ከት ብሎ ሳቀ። ያን ጊዜ አልቻለችም፤ ጓሮ ወጥታ አስመለሳት።

ሽማግሌው ተከትለው ወጡና ጀርባዋን ደገፉላት።

«አይክፋሽ፣ ልጄ» አሏት። «አንቺ ባትኖሪ ይቺንም ባላገኘሁ።»

ሁለት ሳምንት አለፈ። አያ ተክለ ጊዮርጊስ ድርጅቱን ዘግተው እቤታቸው ዋሉ። እንኳየሁ የቢሮውን ዕቃ ለመጨረሻ ጊዜ ስትሸክፍ ክንዱ ገብቶ እንደ ልማዱ ሳይጋበዝ ተቀመጠ። ከኪሱ የተጣጠፈ ፖስታ አውጥቶ ወደሷ ገፋው።

«የስድስቱም ሊብሬ በእናትሽ ስም ወጥቷል፤ አሁን የኔን ድርሻ ስጪኝ።»